ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ባለፈው ሴሚስተር ነው። መምህራችን ክፍል ገብተው ሰሌዳው ላይ «የሕይወት መጨረሻ ዱላ» ብለው ጻፉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ ሰው ሊሞት ሲል ይመታል እንዴ?» ብሎ ነገሩን አባሰው። መምህራችንም አብረውን ሳቁ። እውነትም በእኛ አካባቢ ዱላ ሲባል ትዝ የሚለን ከብት ጠባቂው ትከሻው ላይ የሚያጋድመው፣ የሙርሲ ወጣቶችም የሚፋለሙበት እንጨት ነው።

ሳቁ ሲበርድ አስረዱን። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አገልጋይ ሴት እንደማለት ነው። መጀመሪያ ስሙ የተሰጠው ምጥ የያዛትን ወይም ገና የወለደችን ሴት አጠገቧ ሆና ለምታበረታ ሰው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ግን ኒው ዮርክ ውስጥ ሄንሪ ፈርስኮ-ዋይስ የተባሉ የሶሻል ወርክ ባለሙያ፣ ይኸው ዓይነት እገዛ ለሚሞት ሰውም ያስፈልጋል ብለው በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። መርፌ አይወጉም፤ መድኃኒት አያዙም። ሥራቸው ሊሞት ከተቃረበ ሰው ጎን መቀመጥ፣ የሚፈልገውን መስማት፣ ሌሊት ተራ ገብቶ ቤተሰቡን ማሳረፍ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት አለመሸሽ፣ ከዚያም ሐዘንተኛውን መጎብኘት ነው።

ክፍሉ ሲስቅ እኔም ስቄ ነበር። ማብራሪያውን ስሰማ ግን አክስቴ ፊቴ ድቅን አለች። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ስለሆነ፣ ውድ አንባቢያን፣ በቅድሚያ የእሷን ነገር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቅዳሜና ማክሰኞ ጂንካ ገበያ ኮረሪማና ቡና ትሸጥ ነበር። እኔ 11ኛ ክፍል ሳለሁ ታመመች። ዘመድ ተሰብስቦ በሬ ተሸጠ፤ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ወሰዷት። በመጨረሻ የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑ፣ ሥር መስደዱም ታወቀ። «ቤታችሁ ወስዳችሁ አስታሟት» ተባለ። ይህ የተነገረው ለአጎቴ ነው። አጎቴ ለእናቴ ነገረ፤ እናቴ ለጎረቤት ነገረች። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ያላወቀችው ባለቤቷ ብቻ ነበረች፤ ማለትም በሽታው የእሷ የሆነው አክስቴ። «እንዳትነግሯት፣ ተስፋ ትቆርጣለች» ተባልን። እኛም እሺ አልን።

እቤት ተኝታ ሁለት ወር ቆየች። የመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂው ብዙ ነበር። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ፣ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለው ስለ ዝናብና ስለ ገበያ አውርተው ይሄዳሉ። ከዚያ እየቀነሱ መጡ። ክፉ ሆነው አይደለም። ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው ነው። የቤቱም ሽታ ይከብድ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከእሷ ጋር የማድረው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ እፈራ ነበር። ደብተሬን ይዤ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ እንጂ አልጋው ጋ አልቀርብም ነበር።

አንድ ሌሊት «ልጄ» አለችኝ። «ወይ እቴቴ» አልኳት። «እኔ ልሞት ነው እንዴ?» አለች።

ምን ልበል? «ኧረ እቴቴ! ምን ነካሽ? ትድኛለሽ እኮ! ለፋሲካ አብረን ገበያ እንወጣለን» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

የሞተችው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥሩምባው ተነፋ። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ድስቱ ተጥዶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በራችንን ያልረገጠ ሰው ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፣ ውኃ ቀዱ። ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ማታ ማታም ድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ አብረውን አደሩ። ሦስት ሌሊት ብቻችንን አላደርንም። እሷ ግን ስልሳ ሌሊት ከአንዲት ከምትፈራ ልጅ ጋር ብቻዋን አድራለች።

በሠልስቱ ዕለት በገበያ አብራት የምትሸጥ ሴትዮ መጣች። አልቅሳ ስታበቃ እናቴን ጠጋ ብላ «ምነው እናቷ ጎን ሳትቀብሯት?» አለቻት። እናቴ ደነገጠች። ለካ አክስቴ አገር ቤት፣ አሪ ገጠር፣ እናቷ አጠገብ መቀበር እንደምትፈልግ ለዚህች ሴትዮ ነግራታለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» ስትላት ሴትዮዋ የመለሰችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «እናንተ ትድኛለሽ ትሏታላችሁ፤ እኔ የመቃብሯን ነገር ምን ብዬ ላንሳ?»

አበው «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላሉ። እኔ የገባኝ ያን ቀን ነው። እኛ ሙት ማክበር እናውቅበታለን። ጎረቤታችን ኮንሶ እንኳ ለታላላቅ ሰዎቹ ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ቀርጾ መቃብራቸው ላይ ያቆማል። የማናውቅበት የሚሞተውን ሰው ማጀብ ነው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለታችን ይህ ነው፦ የማኅበረሰባችን ደግነት ሁሉ የሚጀምረው ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ነው። ሟቹ ደግሞ ጥሩምባውን አይሰማውም።

እድርን ልወቅስ አይደለም። እድር ባይኖር አክስቴን በወጉ ባልቀበርን ነበር። እንዲያውም ተስፋ የማደርገው በእድር ነው። ለምን ብትሉ፣ እድር ከአባቶቻችን እንደ ድንጋይ የወረስነው፣ የማይለወጥ ነገር ይመስለናል እንጂ ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። አሉላ ፓንክኸርስትና ዳመን ኃይለማርያም በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ እድር ባሳተሙት ጥናት እንዳነሱት፣ እድር ተስፋፍቶ የምናየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከከተማ ማደግ ጋር ነው። ከገጠር መጥቶ ዘመዱን ርቆ የሚኖር ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አለ። ጎረቤቱም እንደዚያው አለ። ተሰባሰቡ፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጡ፤ ድንኳን ገዙ። ስለዚህ እድር ራሱ ለአዲስ ችግር የተገኘ አዲስ መልስ ነበር ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተፈጠረ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ቢሻሻል ምን ይገርማል?

ደግሞም ተሻሽሎ ያውቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ሰው በሚጨርስበት ጊዜ የአዲስ አበባ እድሮች ሣጥን በቀብር ወጪ ይራቆት ጀመር። ያኔ አንዳንዶቹ እድሮች ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ገንዘብ መስጠት ምን ዋጋ አለው ብለው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። ከአባሎቻቸው መካከል ሰዎች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ያጥቡ፣ ያበሉ፣ ያጽናኑ ነበር። ወላጅ ላጡ ልጆችም ደረሱ። ያ ሁሉ ሰው ከበሽተኛ በሚሸሽበት ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት። ታዲያ ዛሬ ለካንሰሩ፣ ለኩላሊቱ፣ ለእርጅናው በሽተኛ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላውም ዓለም ቢሆን የጀመረው ከዚሁ ነው። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ሲከፍቱ፣ የማይድን በሽተኛ «ምንም አናደርግለትም» መባል የለበትም ብለው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. አን ሜሪማን የተባሉ ሐኪም ኡጋንዳ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርበን የሕንዷ ኬረላ ናት። እዚያ የሰፈር ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው በየሳምንቱ ተራ እየገቡ የሚሞቱ ጎረቤቶቻቸውን ይጎበኛሉ፤ ነርሷ ቁስሉን ታያለች፣ ጎረቤቱ ሰውየውን ያያል። በ2008 እ.ኤ.አ. የኬረላ መንግሥት ይህን በፖሊሲ ደገፈው። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በሽተኞችን ቤታቸው ድረስ ሲጎበኝ ቆይቷል። ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ የማስታገሻ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የምትርቀው። እኛ ጋ እስኪደርስ ቁጭ ብለን እንጠብቅ?

አሁን ወደ ራሳችን ዞን ልመለስ። አክስቴ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ከጎኗ አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ከዳሰነች የመጣች ናት። ባሏ ጥሏት ሳይሆን ከብቶቹን የሚጠብቅ ስላጣ ተመልሷል። ክፍሉ ውስጥ ቋንቋዋን የሚችል አልነበረም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጥቂት ቃላት ታውቅ ስለነበር ስታልፍ ስታገድም «ውኃ? ሕመም?» ትላታለች። ሴትዮዋ ማታ ማታ ረጅም ነገር ታወራ ነበር። የምትጸልይ ትሁን፣ ልጆቿን የምትጠራ ትሁን፣ አደራ የምትል ትሁን ያወቀ የለም። በአራተኛው ቀን ሞተች። ያን ሁሉ ቃሏን ይዛ ሄደች።

በደቡብ ኦሞ አካባቢ 16 ብሔረሰቦች አሉ ስንባል በበዓል ቀን እናጨበጭባለን። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ግን ይህ ማለት ሌላ ነገር ነው። የሐመሩ፣ የኛንጋቶሙ፣ የማሌው፣ የበናው፣ የአሪው ሰው መንደሩ ቢሞት በራሱ ሰዎች መካከል፣ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ሥርዓት ይሞታል። ሲታመም ወደ ከተማ እናመጣዋለን፤ ይህ ደግ ነው፣ መዳን ስላለ። ካልዳነ ግን ከሥርዓቱም ከቋንቋውም ነጥለን ብቻውን እናስቀረዋለን። ልብ በሉ፣ እዚሁ ዲፓርትመንታችን ውስጥ እነዚህን ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱባቸው ልጆች አሉ። ካፌ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሰውየው በእግር ሊደረስበት በሚችል ቦታ ተኝቶ አንድ ሰው «እንዴት አደርክ?» እንዲለው ይጠብቃል።

የማርበርግንም ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ጂንካ ውስጥ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱን አረጋገጠ። በኢትዮጵያ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ቫይረሱ በበሽተኛው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ሰውየው ከሞተ በኋላም አስከሬኑ ያስተላልፋል። በጥር 2018 ዓ.ም. ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ፤ ተመስገን ነው። እኔ ግን ከዚያ አንድ ነገር ተማርኩ። የእኛ ማስታመምም ለቅሶም ሁሉ በእጅ ነው። እናጥባለን፣ እናቅፋለን፣ እንስማለን፣ እንገንዛለን። እጅ ሲከለከል ምን ይቀረናል? የሚቀረን ቃልና አብሮ መሆን ነው። ከርቀት ቆሞ፣ በስልክ፣ በመስኮት በኩል፣ በሰውየው ቋንቋ ማናገር የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገው። በ2014 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ስትታመስ፣ ቤተሰቡ ሳይሰናበት የሚፈጸም ቀብር ሕዝቡን ያስቆጣ፣ በሽተኛ እንዲደበቅም ያደርግ ነበር። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ቀብሩ ከበሽታ የተጠበቀም፣ ክብር ያለውም እንዲሆን፣ ቤተሰቡና የሃይማኖት አባቶችም እንዲሳተፉ የሚል መመሪያ አወጣ። ስንብት ትርፍ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የተለያየ መልስ ነው ያገኘሁት። አንዷ «አንቺ ደግሞ አታሟርቺ!» አለችኝ። ሞትን ማንሳት ሞትን መጥራት ይመስለናል። ግን እኮ አክስቴ ጋ ሞትን ያነሳነው እኛ አይደለንም፤ እሷ ናት ያነሳችው። እኛ አፏን ዘጋነው። ማንም ሰው ሳይጠይቅ «ትሞታለህ» ይባል እያልኩ አይደለም። ሲጠይቅ ግን ውሸት አይመለስለት ነው የምለው። «ምን ታስቢያለሽ? ምን ያስፈራሻል? ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ማለት ማሟረት አይደለም።

ሌላው «ተስፋዋን ለምን ትነጥቂያታለሽ? እግዚአብሔር ተአምር ቢሠራስ?» አለኝ። ይህን በክብር እቀበለዋለሁ። እኔም እጸልይላት ነበር። ነገር ግን ተአምር መጠበቅና መሰናበት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። መንገደኛ እመለሳለሁ ብሎ ተስፋ ቢያደርግም ሲወጣ ቤተሰቡን ይሰናበታል፤ አደራ ይላል። ኑዛዜ የሚባለው ነገርስ ለምን ተፈጠረ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ከባድ ነው። «እድርተኛው በሽተኛ ቤት ከገባ የበሽተኛው ምሥጢር ነገ ገበያ ላይ ይወጣል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሐሜታችንን እናውቀዋለን። አክስቴም ላይ ደርሷል። ለዚህ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው። የሚገባው ሰው በበሽተኛው ፈቃድ ይግባ፤ የሰማውን እንደ ነፍስ አባት በሆዱ ይያዝ፤ ይህን የጣሰ ደግሞ እድሩ ይቅጣው። እድር ለቀብር የቀረን ሰው የሚቀጣ ከሆነ ምሥጢር ያወጣንም መቅጣት አያቅተውም። ሕመም ማስታገሱ፣ መድኃኒቱ፣ ከተላላፊ በሽታ መጠንቀቁ ደግሞ የጤና ባለሙያው ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ ጣልቃ መግባት የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። የመጀመሪያው፣ የጂንካ እድሮች በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ አባል በጠና ሲታመም፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ሁለት ተረኛ ይመደብለት። በሳምንት ሁለት ሌሊት እንኳ ቢያድሩ አስታማሚዋ ትተኛለች። ሁለተኛው፣ ዲፓርትመንታችን ቋንቋ የሚችሉና ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎችን መዝግቦ፣ ከሆስፒታል ጋር ተነጋግሮ፣ ሠልጥነው ለፕራክቲከም እንዲመደቡ ያድርግ። ለግሬድ የሚሠራ ስንት አሳይንመንት አለ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አላየሁም። ሦስተኛው፣ ነርስ፣ ቄስ፣ ፓስተር፣ ሼክና የአገር ሽማግሌ በዓመት አንድ ቀን ክፍላችን ተጋብዘው ሰው እንዴት እንደሚሞት ያስተምሩን። ስለ ሐዘን የፈረንጅ ቲዎሪ እንሸመድዳለን፤ አንድ የሚያጣጥር ሰው እጁን ይዘን ግን አናውቅም።

እስከዚያ ድረስ ደግሞ እያንዳንዳችን ማድረግ የምንችለው አለ። ለእረፍት ቤታችሁ ስትሄዱ የታመመ ዘመድ ካለ፣ ብርቱካኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ ተቀመጡ። ወንበሩን ከበሩ አንስታችሁ ወደ አልጋው አስጠጉ። «ትድናለህ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይሻልሃል?» በሉ። ዝም ቢል አብራችሁት ዝም በሉ። ሰው ሲያወራ ሳይሆን ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው የሚጽናናው።

መምህራችን ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው ብለው ጠይቀውን ነበር። አንዱ «አጽናኝ» አለ፤ ሌላዋ «የሞት አዋላጅ» አለች። እኔ ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን ሳስበው አዲስ ስም አያስፈልገንም፤ «አስታማሚ» የሚል ቃል አለን። የጎደለን ስሙ አይደለም፣ ተራ የሚገባልን ሰው ነው። ዱላም ካልን ደግሞ ይሁን፤ አክስቴ በመጨረሻዋ ሰሞን ከአልጋ ስትወርድ የምትደገፈው አንድ ዱላ ነበራት። እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ ሳለሁ የያዛት እሱ ነበር።

ቸር እንሰንብት።